የማይያዘው አውሬ

ከካዛንቺስ ስንነሳ በጥድፊያ ያሰርነውን ካርቶን ትናንት በአዲሱ ኮንዶሚኒየም ስፈታ፣ ከሥሩ የልጅነት ጌሜ ወጣ። የባትሪው ክዳን እንደ ድሮው በፕላስተር ታስሯል። በረንዳው ላይ ጥቂት እንደቆየ የሞቀ ፕላስቲክ ሸተተኝ፤ ክረምት የወጣበት ያ የልጅነት ጠዋት ትዝ አለኝ።

አታውቀው እንደሆነ፣ አውሬ የሚሰበሰብበት ጌም ነው። ኳስ ትወረውራለህ፣ አውሬው ኳሱ ውስጥ ይገባል፣ ያንተ ይሆናል። የባትሪ ድንጋይ ቶሎ ይጨርስ ነበር። እኔና የጎረቤታችን ሴት ልጅ ሩብ ሰዓት እንጫወትና ድንጋዮቹን የማድቤቱ ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ እናሰጣቸዋለን። ነፍስ እስኪዘሩ ድረስ ወሬያችን ስለ አንድ አውሬ ብቻ ነበር።

ባዶ ቤት በር ላይ የሚቆም፣ ጆሮው የወደቀ ትንሽ አውሬ ነው። ኳስ ሲወረወርበት ኳሱ ነጥሮ ይመለሳል። ለምን እንደሆነ ጌሙ አይናገርም።

«መቶውንም አውሬ ሰብስበን ስንጨርስ ይያዛል» እላለሁ።

«አንተ ደግሞ! የቤቱን ሰው እየጠበቀ እኮ ነው። ባለቤት ያለው አይያዝም፣ በቃ» ትላለች።

«ባለቤቱ የታለ ታዲያ?»

«ይመጣላ! ባይመጣ ይቆም ነበር?»

እናቷ ለሥራ ቤይሩት ከሄደች ሦስት ዓመት ሆኗት ነበር፤ ከደወለች ደግሞ አንድ ዓመት። ይህን አውቅ ነበር። ግን መርታት ፈለግሁ።

ለገሃር አካባቢ አንድ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ስለ አውሬው አነበብኩ። የጌሙ ሠሪዎች ረስተው የተዉት ስህተት ነው ይላል። እየሮጥኩ መጣሁ።

«ማንንም አይጠብቅም! ረስተውት ነው!»

ድንጋዮቹን ከቆርቆሮው ላይ እያነሳች ነበር።

«ዛሬ ጌሙን አውሰኝ» አለች ብቻ።

በማግስቱ ጌሙን ለእናቴ መልሳ ሰጥታ ሄደች። በዚያው ሳምንት አክስቷ ሐዋሳ ወሰደቻት። ጌሙን ከዚያ ወዲህ ከፍቼው አላውቅም፤ አፍሬ።

ትናንት የሪሞቱን ድንጋይ አውጥቼ ከተትኩለት። ጌሙ የሚጀምረው መጨረሻ የተጫወተው ሰው ካቆመበት ነው። ባዶው ቤት ደጃፍ ላይ ተከፈተ። አንድም ኳስ አልተወረወረም። እኛ የምናጫውተው ሰውዬ ከአውሬው ጎን ቆሟል፣ እንደሱ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ።

ባለፈው ሳምንት ሰፈራችን ሄጄ በራችን የነበረበትን ቦታ ፈልጌ አጥቼዋለሁ። ሁሉም አስፋልት ሆኗል። ያቺ ልጅ አንድ ቀን ብትመጣ የትኛውን በር ታንኳኳለች?

ምንም ሳልነካ አየኋቸው። ስክሪኑ ደበዘዘ፣ ጠፋ።

ድንጋዮቹን አውጥቼ በረንዳው ላይ ፀሐይ አሰጣኋቸው።