መስኮት ሦስትና የማጨጃው ዋስትና

ባለቤቴ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰውን «ነገ ተመለሱ» ስትል የኖረች ሴት ነበረች። ሥራዋ የልደት ምስክር ወረቀት በሚሰጥበት መሥሪያ ቤት፣ ሦስተኛው መስኮት ላይ ነበር። ሰፈሩ ስሟን ረስቶ «መስኮት ሦስት» ይላታል፤ እሷም አትከፋም። አንዳንድ ቀን ስልክ ስታነሳ ራሷም «አቤት፣ መስኮት ሦስት» ትል ነበር።

ደግ ሰው ነበረች ብዬ ብጀምር ከመቃብሯ ተነስታ ታርመኛለች። ደግ አልነበረችም፤ ትክክለኛ ነበረች። አንድ ጊዜ የገዛ ወንድሟን፣ ፎቶው ላይ ጆሮህ አይታይም ብላ ሁለቴ መለሰችው።

«ይሄን ጆሮ ስትጎትቺው አድገሽ ዛሬ ጠፋሽ?» አላት።

«እኔማ አውቀዋለሁ። የማያውቀው መዝገቡ ነው» ብላ ቀጣዩን ባለጉዳይ ጠራች።

ጡረታ ስትወጣ የምትመልሰው ሰው አጣችና ፊቷን ወደ ሣሩ አዞረች። ከቤታችን ፊት ለፊት ርዝመቱ አሥራ ሁለት፣ ወርዱ ዘጠኝ እርምጃ የሆነ ሣር አለ። የነበረን ማጨጃ የቤንዚን ነው፤ ለማስነሳት ገመዱን በኃይል መሳብ ያስፈልጋል። የእሷ ቀኝ ትከሻ ደግሞ ማኅተም ሲመታ ኖሮ አልቋል። ስለዚህ ማጨዱ እኔ ላይ ወደቀ። እኔ አናጢ ነኝ። እንጨት ከሆነ በዓይኔ ለክቼ ቀጥ አደርገዋለሁ፤ ሣር ላይ ግን እግሬ ወዴት እንደሚሄድ አላውቅም። እሷ የሳሎኑ መስኮት ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች።

«ጠመመ።»

«አናጢ ነኝ እኮ፣ አንቺ።»

«እንግዲያው እንጨትህን ላግ። ሣሩ ምን በደለህ?»

እኔን መለመን ከጥርስ ሕመም ይብስባት ነበር። አንድ ቀን ሳትነግረኝ ሄዳ ገመድ አልባ ማጨጃ ገዝታ መጣች። በባትሪ የሚሠራ፣ ቁልፉን ሲጫኑት የሚነሳ፣ በአንድ እጅ የሚገፋ ነው። የሁለት ዓመት ዋስትናም አለው። ከዚያ ወዲያ ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት የቢሮ ካፖርቷን ለብሳ ራሷ ታጭዳለች፤ እኔ በረንዳው ላይ ተቀምጬ «እግርህን አንሳ» እባላለሁ። መስመሮቿ እንደ መዝገብ መስመር ቀጥ ያሉ ነበሩ። ስትጨርስ ዞር ብላ ታያቸውና ትገባለች። በዚያን ቀን ምሳ ላይ እኔንም አትቆጣኝም።

ሁለተኛው ዓመት ሲጋመስ ማጨጃው መለገም ጀመረ። መጀመሪያ አንድ መስመር ጨርሶ ይቆም ነበር፤ ቀይ መብራቱ ሦስት ጊዜ ብልጭ ይልና ዝም። ኋላ ግማሽ መስመር ሆነ። በመጨረሻ ሁለት እርምጃ። ሣራችን ሲላጭ ውኃ እንደሄደበት ሰው ግማሹ ጎፍሮ ግማሹ ተላጭቶ ቀረ።

«በአሮጌው ልጨድልሽ?» አልኳት።

«እኔ በቁሜ?» አለች።

የጥገና ክፍሉ ማጨጃውን ከገዛችበት ሱቅ ጀርባ ነው። አንድ ባንኮኒ፣ የወረፋ ቁጥር የሚተፋ ሳጥን፣ ሦስት የፕላስቲክ ወንበሮች። ከባንኮኒው ኋላ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ፣ በጣም ትሑት ሰው ይቀመጣል። መነጽሩ ዓይኑ ላይ ወርዶ አይተን አናውቅም። በመጀመሪያው ጊዜ ማሽኑን ሦስት ሳምንት አስቀምጦ «ጉድለት አልተገኘበትም» ከሚል ወረቀት ጋር መለሰልን። ቤት አመጣነው፤ ሦስት ብልጭታ። በሁለተኛው «ደንበኛዋ እርጥብ ሣር አጭደዋል» ተባለ። በሦስተኛው ማሽኑንም ባትሪውንም ተሸክመን ሄደን፣ ቻርጀሩን ስላላመጣን ተመለስን።

እኔ ደሜ ፈልቶ ነበር። እሷ መንገድ ላይ ብቻዋን ትስቃለች።

«ምኑ ነው የሚያስቅሽ?»

«ሰውየው ጎበዝ ነው። የጎደለህን ሁሉ አንድ ላይ አይነግርህም። ዛሬ አንዱን፣ ስትመለስ ሌላውን። እኔ ይሄን ለመልመድ አራት ዓመት ፈጅቶብኛል።»

በአራተኛው ጉዟችን ግን ባንኮኒው ላይ ክርኗን ደገፍ አድርጋ ጠየቀችው።

«ልጄ፣ እናንተ እንዴት አድርጋችሁ ነው የምትሞክሩት?»

«ጠረጴዛ ላይ አውጥተን እናስነሳዋለን፣ እማማ። አርባ ደቂቃ ሙሉ አንዴም ሳይቆም ይሠራል።»

«ሣር ላይስ?»

«እዚህ ሣር የለም። ሁሉም ሲሚንቶ ነው።»

«ታዲያ ምንድን ነው የሚያጭደው?»

ሰውየው ትንሽ አሰበ። «አየር» አለ።

ለተጨማሪ ምርመራ ሰኞ ተመለሱ ብሎ ቀጠሮ ጻፈልን። ዋስትናው የሚያበቃው ቅዳሜ ነው። ባለቤቴ ወረቀቱን አየች፤ ከዚያ ሰውየውን፣ ባለሙያ ባለሙያን እንደሚያይ፣ ቀስ ብላ አየችው። ውጪ ስንወጣ ክንዴን ያዘች።

«ሰኞ ማለት መቅበሪያ ነው። ስንቱን በሰኞ ቀብሬዋለሁ። ቅዳሜ ካለፈ ይሄ ማሽን የበር ማስደገፊያ ይሆናል፤ እኔም አንተ ስታጣምም መስኮት ላይ ቆሜ ላረጅ ነው።»

ዓርብ ጠዋት ስነቃ አልጋው ውስጥ የለችም። ወጥቼ ሳይ ሣሩ ላይ ተንበርክካለች፤ በአንድ እጇ ማስመሪያ፣ በሌላው መቀስ።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«የመመሪያው መጽሐፍ ከአንድ ጣት የረዘመ ሣር አይታጨድም ይላል። ልኩ ላይ እያደረስኩት ነው፤ ረዘመ እንዳይሉኝ። እርጥብ ነው እንዳይሉኝም ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አላጠጣሁትም። አንተ አካፋ አምጣ።»

ሣሩን ከነአፈሩ አስቆረጠችኝ። ወርክሾፔ ውስጥ ደንበኛ አዞኝ የቀረ አንድ መዝጊያ ነበር፤ በርዝመቱም በወርዱም በእሱ ልክ ለክቼ ቆረጥኩና ላዩ ላይ አነጠፍኩት። ጠርዙን በጣቷ ዳሰሰችው። «ቀጥ ያለ ነገር ከሣር ማውጣት ትችላለህ ማለት ነው» አለች። ከእሷ አፍ የወጣ ሙገሳ ስለነበረ ቀኑን አልረሳሁትም። ከጎረቤታችን ጋር ሆነን መዝጊያውን የእሱ ፒክአፕ ላይ ጫንነው። እሷ ማጨጃውን፣ ባትሪውን፣ ቻርጀሩን፣ ደረሰኙንና የእያንዳንዱን ሁለት ሁለት ፎቶ ኮፒ ይዛ ከፊት ተቀመጠች።

መዝጊያውን ይዘን ስንገባ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ብድግ አለ። ሬሳ መስሎት ይሆናል። ባንኮኒው ፊት መሬት ላይ አወረድነው።

«እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለ ባለመነጽሩ።

«የጎደለኝን አሟልቼ መጥቻለሁ።»

«እዚህ ውስጥ ማጨድ አይፈቀድም እኮ!»

«የት ነው የተጻፈው?»

ሰውየው ግድግዳውን ዞር ዞር ብሎ አየ። ሲጋራ ማጨስ ክልክል ነው የሚል ነበር፤ ሣር ማጨድ ግን ማንም ሊከለክል አላሰበም። በዚህ መሀል ከውስጥ ሰፊ ትከሻ ያለው ቴክኒሻን ሽርጡ ላይ እጁን እየጠረገ ብቅ አለ።

«ተወው እስቲ፣ ይሞክሩት» አለ። «እኔም ስምንት ዓመት ማጨጃ ስጠግን ሣር አይቼ አላውቅም።»

ባለቤቴ ካፖርቷን ቆለፈች፤ ቁልፉን ተጫነች። ማጨጃው ተነሳ። አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ። ቆመ። ቀይ መብራቱ ሦስት ጊዜ ብልጭ አለ።

«ቆመ!» አሉ ወረፋ ጠባቂዎቹ በአንድ ድምፅ።

ቴክኒሻኑ ከመደርደሪያ አዲስ ባትሪ አምጥቶ ገጠመለት። ማጨጃው መዝጊያውን ከጫፍ ጫፍ አጭዶ ወረደና ሲሚንቶው ላይ እየጮኸ ቀጠለ፤ ባለቤቴ እስከ በሩ ድረስ ወስዳ ነው ያጠፋችው። ያልተፈቀደ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራች ይመስለኛል፤ ፊቷ ቀልቶ ነበር።

«ባትሪው ነው» አለ ቴክኒሻኑ። «አየር ሲያጭድ አይደክመውም፤ ሣር ሲነካ ነው የሚወድቀው።»

ባለመነጽሩ ቅጹን አወጣ። «እንግዲህ ሰኞ…»

«ዛሬ» አለች።

ጻፈ፤ ማኅተም መታ። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አነሳችው። «ግማሹ አልታየም። ድገመው። በእጅ አይደለም፣ ከትከሻ ነው።»

ከትከሻው መታው። ከዚያ ቀና ብሎ አያት። «እማማ፣ የት ነበር የሚሠሩት?»

«መስኮት ሦስት።»

«እርስዎ ነዎት እንዴ! የልጄን የልደት ወረቀት ሦስት ጊዜ የመለሱኝ!»

«ምን ጎድሎህ?»

«መጀመሪያ ፎቶ። ከዚያ የእናትየዋ ፊርማ። ከዚያ ደግሞ…» ቆጥሮ ሊጨርስ አልቻለም።

«ጎድሎ ነበራ» አለችው።

አዲሱ ባትሪ አዲስ የሁለት ዓመት ዋስትና ተሰጠው። መዝጊያዬን ይዤ ተመለስኩ፤ ሣሩን ግን እዚያው ተወችላቸው። «ትከሉት፤ ሰው አታመላልሱ» አለች፣ እሷ!

ከዚያ በኋላ አሥራ ዘጠኝ ሐሙስ አጨደች። ሃያኛው ሐሙስ ሆስፒታል ነበርን። ስለዚያ የምጽፈው የለኝም።

አሁን የማጭደው እኔ ነኝ። መስመሩ ይጠምማል። ባለፈው ወር ባትሪው ላይ ያለው መቆለፊያ ጥርስ ተሰበረና ጥገና ክፍሉ ሄድኩ። ባለመነጽሩ ካርዱን ተቀብሎ ሳያየኝ፣ «ዋስትናው በወይዘሮዋ ስም ነው፤ ራሳቸው መምጣት አለባቸው» አለ። ከዚያ ቀና ሲል አወቀኝ።

«እማማ ደህና ናቸው?»

ይዤው የሄድኩትን ክላሰር ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩለት። ከእሷው መሥሪያ ቤት፣ ከመስኮት አራት ያወጣሁት የሞት ምስክር ወረቀት ከሁለት ፎቶ ኮፒ ጋር። የጋብቻ ወረቀታችን። የእኔ ጉርድ ፎቶ፣ ሁለቱም ጆሮዎች የሚታዩበት። ቻርጀሩም አለ።

መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። እያንዳንዱን ወረቀት አነበበ፣ ጊዜ ወስዶ።

«ምንም አልጎደለም» አለ።

«አውቃለሁ» አልኩ።

ማኅተሙን ከትከሻው መታው። ቴክኒሻኑ ባትሪውን ቀይሮ ሲጨርስ «እስቲ መስኮት ሦስት ላይ እንሞክረው» ብሎ በጓሮ በር ይዞኝ ወጣ። ከግድግዳው ሥር ሲሚንቶው በመዝጊያ ልክ ተቆፍሮ ሣራችን ተተክሏል። ጠርዙ አሁንም ቀጥ ያለ ነው። መሀሉ ግን እንደ መላጣ አናት ያበራል፤ የሚያጭዱት ነገር አልነበረም።

«በጣም አሳጥራችሁታል» አልኩት።

«ምን እናድርግ፣ አባባ? በቀን ስድስት ማሽን ይመጣል።»

«ነገ ተመለሱ በሏቸው» አልኩ። «ይደግ።»