ጋሽ ፊርማ እና ሌሎች አስፈላጊ ዕቃዎች

ወሬው እኛ ካፌ የደረሰው በፀጉር አስተካካዩ አፍ ተሳፍሮ ነው። ገና ወንበር ሳይስብ፣ «ሰማችሁ? ጋሽ ፊርማ ልጁን ኮሌጅ ያስገባት በርክክብ ነው!» አለ። «በሩ ላይ አቁሞ ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ ቆጠራት። ከዚያ ‹ሴት ልጅ፣ ብዛት አንድ፣ ጤነኛ፣ ጭረት የሌላት› ብሎ ጻፈና ጥበቃውን አስፈረመው!»

አጠገቤ የነበረው ሰው ሻዩ ትን ብሎት ሊሞት ነበር። እኔ ግን አላመንኩም። ጋሽ ፊርማ እንዲህ አያደርግም ብዬ አይደለም፤ ሰውየው ይህንና ከዚህም የባሰ ያደርጋል። ያላመንኩት ጥበቃው ፈረመ የሚለውን ነው። የጋሽ ፊርማን ቅጽ አንብቦ እስኪጨርስ ጥበቃው ጡረታ ይወጣ ነበር።

ጋሽ ፊርማ በትልቁ ሆስፒታል ዕቃ ግምጃ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቷል። አንሶላ፣ ሳሙና፣ ባልዲ፣ አምፖል፣ ሁሉም በእሱ እጅ ነው። ከመደርደሪያው ሳይፈረምበት የወጣ ነገር ቢኖር አቧራ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን በተፈረመበት መጥረጊያ ተጠርጎ ነው የወጣው። ሕጉ አንድ ነው፦ አሮጌው ካልተመለሰ አዲሱ አይወጣም። አንድ ስመ ጥር የቀዶ ሕክምና ሐኪም ያለቀበትን እስክሪብቶ ጥሎት፣ ቀፎውን ፍለጋ የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ እስከ ወገቡ ገብቶ ሲያገላብጥ ታይቷል ይባላል።

ችግሩ ሕጉ ከሥራ ሲወጣ አብሮት ቤት መግባቱ ነው። ሚስቱ ክብሪት ስትፈልግ ባዶውን ቀፎ ታሳያለች፤ የጥርስ ሳሙና ስትፈልግ የተጨመቀውን ቱቦ ታስረክባለች። «እኔን ራሴን እንዴት እንዳገባኝ እንጃ» ትላለች፣ «የሚመልሳት አሮጌ ሚስት አልነበረችውም!»

እንግዲህ እዚህ ቤት ነው የኮሌጅ መግቢያ ደብዳቤ የመጣው። አንድ ያለቻቸው ልጅ ናት ፈተናውን ያለፈችው። ደብዳቤው አጭር ነበር። ሁለት አንሶላ፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ አንድ ኩባያ፣ አንድ ጓጉንቸር እና ሌሎች አስፈላጊ ዕቃዎች ይዞ መምጣት። ሰኞ እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ያልተመዘገበ ተማሪ ግን የመኝታ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል፤ ይህቺ መስመር በደማቁ ተሰምሮባታል።

ልጅቱ አንብባ ስትጨርስ አንድ የትከሻ ቦርሳ አወጣች። «ራሴ ተሸክሜ የምገባውን ብቻ ነው የምወስደው» አለች። ነገሩ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። ነገር ግን ደብዳቤውን አባትየው ተቀበላትና መነጽሩን አደረገ።

«‹ሌሎች› ምንድን ነው?»

«አባዬ፣ እንዲያው አባባል ነው።»

«አባባል መደርደሪያ ላይ አይቀመጥም። ይዘርዘር!»

አትፍረዱበት። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ «ሌሎች» የሚል መጠየቂያ ፈርሞ አያውቅም። አሁን ግን «ይዘርዘር» ብሎ የሚመልስለት ሰው ስላጣ ራሱ ሊዘረዝር ተቀመጠ። ሳምንቱን ሙሉ ሲዘረዝር ከረመ። መዶሻ። ሚስማር፣ በሦስት ዓይነት ቁመት። ሃያ ሜትር ገመድ። መጥረጊያ፣ እጀታው የሚነቀል። ሦስት አምፖል። የአይጥ ወጥመድ። የጎርፍ ቦቲ ጫማ።

«ኮሌጁ እኮ ኮረብታ ላይ ነው!» ልጅቱ ፀጉሯን ልትነጭ ደረሰች።

«ጎርፉ ይህን ያውቃል?»

እናትየዋ መጀመሪያ ከልጇ ጎን ቆማ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ልጅቱ ልትማር እንጂ ሆስፒታል ልትከፍት አይደለም የምትሄደው!» ብላ ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን ሁለት ተጨማሪ ብርድ ልብስ አቅፋ መጣች።

«እማዬ፣ አንቺም?»

«ምን አደረግሁ? የኔ ‹ሌሎች› አይደለም፣ ብርድ ልብስ ነው።»

ዝርዝሩ ስልሳ ሦስት ላይ ቆመ። ጋሽ ፊርማ ትልቁን የቆርቆሮ ሳጥን አውጥቶ በተራ ቁጥር ማስገባት ጀመረ። ታዲያ ደብዳቤው ግርጌ ላይ «ይህን ደብዳቤ ይዞ መቅረብ ግዴታ ነው» ይል ነበር። ግዴታ ስለሆነ ተራ ቁጥር አንድ ሆኖ የተመዘገበው ደብዳቤው ነው። ተራ ቁጥር አንድ ደግሞ መጀመሪያ ይገባል። መጀመሪያ የገባ ነገር የት እንደሚያርፍ ለማወቅ ሠላሳ አንድ ዓመት ግምጃ ቤት መሥራት አያስፈልግም፤ እንዲያውም ጭራሽ አለመሥራት ሳይሻል አይቀርም።

«ደብዳቤዬስ?» ብላ ጠይቃው ነበር።

«ተመዝግቧል» አላት። ከዚያ ሳጥኑን ቆለፈው፣ በሲባጎ ጠፈረው፣ ቋጠሮው ላይ ሰም አንጠባጥቦ ማኅተም መታበት።

ከዚህ በኋላ ያለውን የሰማሁት ሰኞ ዕለት ካደረሳቸው ባለታክሲ ነው። እሱም የኛው ካፌ ደንበኛ ነው፤ ሲያጋንን በግማሽ ቀንሼ ነው የምጽፈው። ሳጥኑን አራት ጎረምሳ ጫነው። የታክሲዋ አፍንጫ ወደ ሰማይ ቀና። ዳገቱ ላይ በከዘራ የሚሄድ ሽማግሌ ቀድሟቸው፣ ዞር ብሎ «አይዟችሁ፣ ትደርሳላችሁ» አላቸው። ኮሌጁ በር ላይ ሲደርሱ ዐሥር ሰዓት ሆኗል።

«ደብዳቤ» አለ ጥበቃው።

ልጅቱ ወደ አባቷ ዞረች። አባትየው ወደ ዝርዝር ቅጹ። «ተራ ቁጥር አንድ። አለ።»

«የት ነው ያለው?»

«ታች።»

ልጅቱ ዓይኗን ጨፈነች። ጥበቃው፣ «ታዲያ ክፈቱታ» ቢል ጋሽ ፊርማ ተቆጣ። «የታሸገ ንብረት ማንም እየተነሳ አይከፍተውም። ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ያስፈልጋል!» ጥበቃው፣ እናትየዋና ባለታክሲው ኮሚቴ ሆኑ። «ሰብሳቢው እኔ ነበርኩ» ይላል ባለታክሲው፣ እስከ ዛሬ አንገቱን ቀና አድርጎ።

ማኅተሙ ተፈታ። ጋሽ ፊርማ ከላይ ጀመረ።

«ስልሳ ሦስት! ቦቲ ጫማ፣ አንድ ጥንድ!»

«አለ» አለ ኮሚቴው።

«ስልሳ ሁለት! የአይጥ ወጥመድ!»

ወጥመዱ ራሱ አስፋልቱ ላይ አፉን ከፍቶ ተቀመጠ። አንድ መንገደኛ ቆሞ መጥረጊያው ስንት እንደሚሸጥ ጠየቀ፤ ጋሽ ፊርማ ቀና ሳይል «መጠየቂያ ጽፈው ይምጡ» አለው። ሌሎች ተማሪዎች ቦርሳቸውን አንጠልጥለው እየሳቁ ያልፋሉ። ዐሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን ገና አርባ ሁለት ላይ ነበሩ።

«አባዬ፣ ቦታዬን ለሌላ ሰው ሊሰጡብኝ ነው!»

«ተራውን ካዛባሁት እኮ ቆጠራው ይበላሻል፣ ልጄ።»

«የኔስ ሲበላሽ?»

የጋሽ ፊርማ እስክሪብቶ አየር ላይ ቆመ። ልጅቱ ግን አልጠበቀችም። ቦርሳዋን አስቀመጠች፣ የሳጥኑን ጠርዝ በሁለት እጇ ያዘችና ገለበጠችው! ኩባያው፣ ሚስማሩ፣ ገመዱ፣ ብርድ ልብሱ በአንድነት ተዘረገፈ። ታች የነበረው ላይ ሆነ፤ ከክምሩ ጫፍ ላይ ደብዳቤው ቁጭ አለ። ሰብሳቢው ደንግጦ ወደ ኋላ ሲል ወጥመዱ የጫማውን አፍንጫ ቀርጥፎ ያዘው።

ልጅቱ ደብዳቤዋንና ቦርሳዋን አንስታ ሮጠች። ጋሽ ፊርማ ቅጹን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። በሠላሳ አንድ ዓመት አይቶት የማያውቀውን ነገር አየ፦ የሱ የሆነ ነገር፣ ሳይፈረምበት፣ በሩን አልፎ እየሮጠ ሲሄድ።

ሊዘጉ አምስት ደቂቃ ሲቀራቸው ተመዘገበች። ዐሥራ አንድ ተኩል ላይ ተመልሳ መጣችና ከክምሩ ውስጥ ሁለት አንሶላ፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ ኩባያና ጓጉንቸር መዛ አወጣች። «ሌላው ይመለስ» አለች። ሳመቻቸው። ሄደች። ሃያ እርምጃ ያህል ተራምዳ ግን ቆመች፤ ትንፋሿን በአፍንጫዋ አስወጣችና ተመለሰች።

«አባዬ…»

«አቤት።»

«የመኝታ ክፍላችን አምፖል ተቃጥሏል።»

የሰውየው ፊት በራ፤ አምፖሉ ራሱ እንዲህ አይበራም። ጎንበስ ብሎ አንዱን አምፖል አነሳ፣ ሊሰጣት እጁን ዘረጋ፣ ከዚያ መለስ አደረገው።

«የተቃጠለውን አምጪ።»

«አባዬ!»

«አሮጌው ካልተመለሰ…»

«ስጣት፣ አንተ ድንጋይ!» አለች እናትየዋ።

አልሰጣትም። ልጅቱ ጥርሷን ነክሳ ወደ ክፍሏ ወጣች፣ ወንበር ላይ ቆማ ነቀለች፣ ይዛ ወረደች። ጋሽ ፊርማ አምፖሉን ጆሮው ላይ አስጠግቶ ነቀነቀው፣ ሽቦው ሲንኳኳ ሰማ፣ ረካና አዲሱን ሰጣት። «ሌላም የሚበላሽ ነገር ካለ እንዳትጥዪው» አላት። «ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ እረከባለሁ።»

ትናንት ጋሽ ፊርማ ካፌያችን መጣ። ሁለተኛ ሻይ ሊያዝዝ ባዶውን ብርጭቆ ይዞ እስከ ባንኮኒው ሄዶ አስረከበ። ሲመለስ ፀጉር አስተካካዩ አላስቻለውም።

«ጋሼ፣ ልጅዎን ቆጥረው ጥበቃውን አስፈረሙት የሚባለው እውነት ነው?»

ጋሽ ፊርማ ከደረት ኪሱ ቅጹን አወጣና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ከስልሳ ሦስቱ በታች በእርሳስ አንድ መስመር ተጨምሯል፦ «64. ልጅ፣ አንድ።» የተረካቢ ፊርማ የሚለው ቦታ ባዶ ነው።

«ውሸት ነው» አለ። «ከላይ እስከ ታች ውሸት ነው። አልቆጠርኳትም። ጥበቃውም አልፈረመም። ማንም አልፈረመም። እኔ ልጄን ለማንም አላስረከብኩም።»