ምስል እምቢ ያለው ጌም

ጌሙን የገዛሁት ሞጣ ነው። ያኔ ብቸና አስተማሪ ነበርኩ፤ ፈተና ለማስፈተን ሞጣ ተልኬ ሳምንት ያህል ሰነበትኩ። ከሰዓት በኋላ ሥራ ስለሌለኝ ከተማውን ስዞር፣ አንድ የሬዲዮና የቴሌቪዥን መጠገኛ ቤት መደርደሪያ ላይ አየሁት። ያረጀ፣ ቢጫ የመታው ግራጫ ሳጥን ነው፤ ሁለት መጫወቻ እጀታና ጨዋታው ያለበት አንድ ካሴት አለው። ኮሌጅ እያለሁ ባሕር ዳር ተጫውቼበት ነበርና ገና ሳየው ልቤ ሸፈተ። ክራቫት አስሬ ክፍል የምገባ ሰው ነኝ፤ ቤት ስገባ ለታናናሾቼ ነው የገዛሁት አልኩ። ውሸቴን ነው፣ ለራሴ ነው የገዛሁት።

የሱቁ ባለቤት ስድሳን ያለፉ፣ መነጽራቸውን በክር ያሰሩ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። አብራቸው የምትሠራው ልጃቸው ናት፤ ሃያ ሦስት ሃያ አራት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ከእሳቸው እኩል ትበይዳለች። ጌሙን ከሱቁ ቴሌቪዥን ጋር ፊቴ ሰካችው፣ ምስሉ ጥርት ብሎ መጣ። አንድ ዙር ተጫወትንና አሸነፈችኝ። አባትዬው በጋዜጣ ጠቅልለው ሲሰጡኝ፣ "መምህር፣ ቤትህ ስትገባ የራሱን ጣቢያ ፈልግለት፤ እንዲሁ አይመጣም" አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ቃሉ በጆሮዬ ገባ እንጂ ጭንቅላቴ ውስጥ አልገባም።

ለምን እንዳልገባ ልንገራችሁ። ብቸና ያኔ የሚታየው አንድ ጣቢያ ብቻ ነው። የቤታችን ቴሌቪዥን የገባ ዕለት፣ ባለሙያው ጣራ ላይ ወጥቶ አንቴናውን ሲያዞር፣ አባቴ ከታች ጥርስ ያላትን ትንሽዬ የጣቢያ መፈለጊያ ሲያሽከረክር፣ እኛ በር ላይ ቆመን "መጣ፣ ኧረ ሄደ" ስንል ነው የዋልነው። በስንት መከራ ተገኘ። አባቴ ወዲያው የመፈለጊያዋን ክዳን ገጥሞ በፕላስተር አሸገውና "ይህችን የነካ ከእኔ ጋር አይኖርም" አለ። ማንም አልነካትም። ዓመታት ሲያልፉ ፕላስተሩ ከቴሌቪዥኑ ጋር አብሮ የተሠራ መሰለን። የጎረቤቶቻችንም ቴሌቪዥን እንደዚሁ ነበር፤ አንዱ ቤት በፕላስተር፣ አንዱ ቤት በሰም። እኔም አስተማሪ ተብዬ፣ ቴሌቪዥን ከማብሪያውና ከድምፁ ሌላ የሚነካ ነገር እንዳለው ጨርሶ ረስቼው ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ የአንቴናውን ሽቦ ነቅዬ ጌሙን በቦታው ሰካሁት። ቀዩ መብራት በራ። ቴሌቪዥኑ ግን ሽሽሽ እያለ ነጠብጣብ ብቻ ያርመሰምሳል። ካሴቱን አውጥቼ እፍ አልኩበት፣ መልሼ ከተትኩት። ጥጥ አረቄ ነክሬ የካሴቱን የብረት ጥርሶች ጠረግኩ። የሽቦውን ጫፍ በጥርሴ ልጬ እንደገና አሰርኩ። አዳፕተሩን ብዳስሰው ሞቋል፤ ቢሆንም የሰው አዳፕተር ተውሼ ሞከርኩ። በመጨረሻ በቢላ ጫፍ ብሎኖቹን ፈትቼ ውስጡን አየሁ፤ ምን እንደማይ ሳላውቅ አየሁ። ሦስት እሑድ እንዲህ ስዳክር ዋልኩ። በሦስተኛው አባቴ አለፍ ሲል "ተሸወድክ አይደል?" አለኝና ደሜ ፈላ።

በማግስቱ ቴሌ ሄጄ ሞጣ ደወልኩ።

"ጋሼ፣ ያ የሸጡልኝ ዕቃ አይሠራም። ምስል የለውም" አልኳቸው።

"ጣቢያውን ፈልገህለታል፣ መምህር?"

"ፈልጌያለሁ።"

ምን ማለታቸው እንደሆነ እንኳ በቅጡ አልገባኝም ነበር። ግን መምህር እያሉኝ አልገባኝም ማለት ሞት ሆነብኝ። እሳቸው በዚያ ቀስ ባለ አነጋገራቸው፣ "እንግዲያው አምጣውና እንየው፤ ጥፋቱ የእኛ ከሆነ እንቀይርልሃለን" አሉ። እኔ "ደግሞ ሊሸውዱኝ ነው?" ብዬ ጆሯቸው ላይ ዘጋሁት። ዛሬ ሳስበው ፊቴ ይቃጠላል።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ባለጌነት ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር። ግን አላበቃም።

በእኛ አገር ለጋብቻ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት የልጅቱ ቤት ይጠያየቃል። ቤቱን የሚያውቅ ሰው ተፈልጎ በቀስታ ይጠየቃል፤ ተጠያቂውም የሚያውቀውን በእውነት መናገር አለበት። ማን ምን እንዳለ ግን ለልጅቱ ቤት አይነገርም። ጠብ እንዳይነሳ ተብሎ ነው። ታዲያ ከዚያ ስልክ በኋላ ሳምንት ሳይሞላ፣ እትዬ የምላቸው ጎረቤታችን እኛ ቤት መጡ። ወንድ ልጃቸው ሞጣ የመንግሥት ሥራ ይዞ ነበር።

"ልጄ እዚያ አንዲት ልጅ ወዷል። አባቷ ሬዲዮ ጠጋኝ ናቸው አሉ። አንተ ሞጣ ሰንብተሃል፣ ታውቃቸዋለህ?" አሉኝ።

"አውቃቸዋለሁ።"

"ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?"

"እትዬ፣ እኔ ይቅርብዎ ባይ ነኝ። አባትዬው ዓይኔ እያየ የሸወደኝ ሰው ነው። ልጅቱም አብራ ነበረች።"

ይህችን የመጨረሻዋን እንድጨምር ማን ጠየቀኝ? ምላሴን በቆረጠው። እትዬም "እርግጠኛ ነህ?" አሉኝ። እርግጠኛ ነኝ አልኩ። ከጥቂት ቀን በኋላ ሽማግሌዎቹ እንደቀሩ ሰማሁ። አንድ ቤት ከአታላይ ያተረፍኩ መስሎኝ ምሳዬን ጥግብ ብዬ በላሁ።

ክረምቱ ሲገባ ነፋስ አንቴናችንን ጣለው። ያው ባለሙያ ተጠራ፤ አባቴም የግዱን ፕላስተሩን በገዛ እጁ ላጠው። ሰውየው ሥራውን ሲጨርስ ጌሙን አቀበልኩትና "እስቲ ይህን ቆሻሻ እየው" አልኩት። ሰካው። በአውራ ጣቱ መፈለጊያዋን ጥቂት ዞር፣ ጥቂት ዞር ሲያደርጋት ምስሉ ከነዘፈኑ ቦግ ብሎ መጣ።

"ይሄ ምኑ ተበላሸ? ጣቢያውን አልፈለጋችሁለትም እንዴ?" አለ።

ታናናሾቼ ጮቤ ረገጡ። እኔን ላብ አጠመቀኝ። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ብዬ የተመኘሁት ያን ቀን ነው። ዓይኔ ላይ ድቅን ያለችብኝ ልጅቱ ናት፤ እያሸነፈችኝ ስትስቅ።

ከእኛ በር እስከ እትዬ በር ሠላሳ እርምጃ አይሞላም። ለመሄድ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። እሳቸው የሚለቅሙትን ምስር አስቀምጠው ሰሙኝና፣ "ልጄ፣ ደብረ ወርቅ ሌላ ቤት ቃል ገብተናል እኮ። እርግጠኛ ነህ ወይ ብዬህ ነበር" አሉኝ። ከዚያ ምስራቸውን መልቀም ቀጠሉ።

መስቀል ካለፈ በኋላ ሞጣ ሄድኩ። ጉልበታቸው ላይ ወድቄ ሁሉንም ልናዘዝ ቆርጬ ነበር፤ መንገዱን ሙሉ የምለውን ስለማመድ ነው የሄድኩት። ልጅቱ ብየዳ ላይ ናት፤ ቀና ብላ ሰላምታ ሰጠችኝና አቀረቀረች። ከስታለች። አባትዬው ከመቀመጫቸው ተነሱልኝ፤ መሳቢያ ከፍተው አዲስ ሽቦና አዳፕተር አወጡ።

"እንኳን መጣህ። ተቀይመህ ስልኩን ከዘጋኸው ጀምሮ ይህን ለአንተ አስቀምጬ ነበር፤ የምልክበት ሰው አጣሁ። ከእኔ ቤት ሰው አዝኖ ወጥቶ አያውቅም፣ ይቅር በለኝ" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ዕቃው ደህና ነው። ጣቢያውን ያልፈለግኩት እኔ ነኝ። ፈለግኩ ያልኩዎት ዋሽቼ ነው" አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። "ተመስገን፣ እኔስ በስተርጅና ሰው አታለልኩ ብዬ ተጨንቄ ነበር" አሉ። የቀረውን ልቀጥል አፌን ስከፍት ልጅቱ የተጠገነ ሬዲዮ ልታደርስ ወጣች። እሳቸው እስክትርቅ ጠብቀው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"አንድ ነገር ላስቸግርህ። ከብቸና ልጄን ሊጠይቁ ሽማግሌ ይመጣል ተብሎ ነበር። ጠላ ጠምቀን ጠበቅን፤ ቀሩ። አንድ ቃል እንኳ አልላኩብንም። እሷ አፍ አውጥታ አትናገርም እንጂ እህል አይዋጥላትም። ምን ነውር አገኙብን? አንተ የዚያ ሰው ነህ፣ ቀስ ብለህ አጠያይቅልኝ።"

ለመናገር ከዚያ የተሻለ ጊዜ አልነበረም።

"እሺ ጋሼ፣ አጠያይቃለሁ" አልኳቸው።

ልጅቱ ስትመለስ አባቷ እየመረቁኝ ነበር፤ እኔም አሜን እላለሁ።