ላስቲኩ ያልተቀደደው አልበም

ወንድሜ በዚህ ዓለም ላይ ሁለት ነገር መታገሥ አይችልም፤ የተጨማደደ አንሶላና ዘፈን እየዘለለ የሚሰማ ሰው። አንሶላው መተዳደሪያው ነው። በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ልብስ እጥበት ክፍል ውስጥ፣ ከየፎቁ የሚወርደውን አንሶላ በትልቁ መተኮሻ ሲያሳልፍ ጠጉሩ ሸብቷል። ዘፈኑ ደግሞ ሕይወቱ ነው። ዘፈን ስላችሁ ታዲያ ሰው የሚያንጎራጉረው ዓይነት እንዳይመስላችሁ። ሳይኬደሊክ ትራንስ ይሉታል። ዱም ዱም ዱም እያለ ይጀምራል፣ ዱም ዱም ዱም እያለ ይቀጥላል፣ መሐል ላይ ውኃ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ የሚመስል ሰውዬ ስለ ከዋክብት ሁለት ቃል ተናግሮ ይጠፋል፤ ከዚያ እንደገና ዱም ዱም ዱም። የሰፈሩ ሰው ስሙን ትቶ ዱምዱም የሚለው ለዚህ ነው። እኔ ታናሽ እህቱ ነኝ። ባሌ ከሞተ ወዲህ አብሬው እኖራለሁ፤ ፊት ለፊት ባለው ክፍል ልብስ እሰፋለሁ፤ ግድግዳው ስስ ስለሆነ ደግሞ ወደድኩም ጠላሁም አልበሞቹን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ።

አስተያየት ከእሱ አይጠፋም። አልበም መንገድ ነው ይላል፤ ከመሐል ተሳፍረህ ከመሐል አትወርድም። የመጀመሪያው ዘፈን ላይ ከበሮው ቶሎ ከገባ አቀናባሪው ፈሪ ነው። ባሱ፣ ያ ወፍራሙ ድምፅ፣ ከበሮውን ከረገጠው ደግሞ ሥራውን የማያውቅ ነው። ያ የከዋክብት ሰውዬም ቢሆን በአንድ አልበም አንዴ ተናግሮ ቢወጣ ደግ፤ ሁለተኛ ከመጣ ወሬኛ ነው። ድሮ፣ ልጆቹ በየጋራዡ በተዋሱት መሣሪያ በሠሩበት ዘመን፣ ትራንስ ነፍስ ነበረው፤ አሁን የሚወጣው የፋብሪካ ብስኩት ነው፣ አንድ ቅርጽ፣ አንድ ጣዕም። የብዙ ሰው ሥራ የተለቃቀመበትን ስብስብ አልበም ጨርሶ አይወድም። «የሰርግ ፎቶ ማለት ነው፤ ሁሉም አለበት፣ ማንም አይታይበትም» ይላል። «ታዲያ ይሄ መደርደሪያ ሙሉ ስብስብ ምን ይሠራል?» ብዬ ብጠይቀው፣ «መኖር ስላለባቸው ነዋ!» ብሎኝ አረፈ። ሰብሳቢ ሲባል እንዲህ ነው፤ ከእሱ ጋር የሚከራከር ራሱ ጤና የለውም።

ክፍሉን ብታዩት አልጋው እንግዳ ይመስላል። ከወለል እስከ ጣሪያ ሲዲ ነው። መጋረጃው ዓመት እስከ ዓመት አይገለጥም፤ ፀሐይ ሽፋኑን ታደበዝዛለች። ሲዲ ሲያነሣ ጠርዙን ብቻ ነው የሚነካው፣ ከልጅ ዓይን ጉድፍ የሚያወጣ ነው የሚመስለው። ከሕጎቹ ሁሉ ትልቁ ግን የስፖንጅ ሕግ ነበር። አንዳንድ አሳታሚዎች ሲዲው እንዳይንቀሳቀስ እያሉ ከክዳኑ ሥር ክብ ስፖንጅ ያስቀምጡ ነበር። ያ ስፖንጅ ሲያረጅ ይቀልጥና የሲዲውን ፊት ይበላዋል። ወንድሜ ይህንን አውቆ፣ ለሚሰማውም ለማይሰማውም «ስፖንጁን አውጥታችሁ ጣሉ!» እያለ ሲሰብክ ኖሯል። እኔ እንኳ ስፖንጅ ባየሁ ቁጥር ቤት ውስጥ እባብ የገባ ይመስለኝ ጀመር።

ከዚያ ሁሉ ክምር ውስጥ አንድ አልበም ብቻ መደርደሪያ ላይ አይቀመጥም። ሰማያዊው እንለዋለን፤ ሽፋኑ ጥልቅ ሰማያዊ ስለሆነ ነው። የሠሩት ሁለት ልጆች ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ሳይሠሩ የት እንደገቡ አይታወቅም፤ ያሳተመው ቤት ጥቂት መቶ ብቻ አትሞ ተዘጋ፤ ኢንተርኔት ላይ ቢፈልጉት ስሙ እንጂ ድምፁ አይገኝም። ወንድሜ ስንት ሰው ለምኖ፣ ስንት ደጅ ጠንቶ ከውጭ በፖስታ አስመጣው። እንደመጣ፣ ከነፋብሪካው ላስቲክ፣ በፎጣ ጠቅልሎ ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ከተተው። አልከፈተውም። «አንዴ የተቀደደ ላስቲክ አይመለስም» አለ። ዘፈኑንማ ከዚያ በፊት ሰው በካሴት ቀድቶለት እንደሰማው፣ ካሴቱን ማጫወቻው እንደበላው ነግሮናል። እኛም አመንን። ለምን አናምንም?

ይህንን ከሁሉም በላይ ያመነው ቁልፍ ሠሪው ነበር። መንገዱ ማዕዘን ላይ ካለችው ጠባብ ሱቁ ቁልፍ ሲሞርድ ይውላል፤ በዚህ ሁሉ ሕዝብ መሐል ከወንድሜ ሌላ ትራንስ የሚሰማ የማውቀው እሱን ብቻ ነው። ግን ሰብሳቢ አልነበረም። ሲዲውን ያለ ማቀፊያ ከቁልፍ ጋር ኪሱ ውስጥ ይከታል፤ ለለመነው ሁሉ ያውሳል፤ በሞተር ዘይት በጠቆረ ጣቱ ይዞ ማጫወቻው ላይ ይጥለዋል። ወንድሜ ይህንን ሲያይ ዓይኑን በእጁ ይሸፍናል። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታችን ይመጣና ሁለቱ እንደ ምራትና አማት ሲጨቃጨቁ ይውላሉ።

«ሙዚቃ የሚሰማ ነው እንጂ የሚደረደር አይደለም» ይላል ቁልፍ ሠሪው።

«ያልተደረደረ ይጠፋል፤ ኪስህን እየው» ይላል ወንድሜ።

ክርክሩ የትም ዞሮ መጨረሻው አንድ ነው፤ ከተሠሩት ሁሉ የትኛው ይበልጣል? ወንድሜ ያን ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሰማያዊው ነዋ! ሦስተኛው ዘፈን ላይ ከበሮው ድንገት ይቆማል። ባሱ ብቻውን ይቀራል፣ እንደ ሰው ይተነፍሳል» ይላል። ቁልፍ ሠሪው ይስቃል። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! አምጣና አሰማኛ።» «ይደርሳል» ይላል ወንድሜ። ሃያ ዓመት ሙሉ ይደርሳል ነው። እኔ ከስፌት መኪናዬ ቀና ብዬ፣ «እናንተ ከመድረሱ በፊት እንዳትሞቱ ብቻ» እላቸው ነበር፤ ምነው ምላሴን በቆረጠው!

ቁልፍ ሠሪው ሳል ጀመረው። መጀመሪያ የብረቱ ብናኝ ነው አልን። በኋላ ሳንባው ነው ተባለና ወንድሜ በሚሠራበት ሆስፒታል ሦስተኛ ፎቅ ተኛ። የዚያ ፎቅ አንሶላ ጥጉ ላይ አረንጓዴ ክር ተሰፍቶበታል፤ ወንድሜ ምድር ቤት ሆኖ ይለየዋል። ከዚያ ወዲህ ቤት ሲገባ የሚነግረኝ ወሬ ሁሉ ከአንሶላ የመጣ ነበር። በመጀመሪያ ላብ ብቻ ነበር። ቀጥሎ ትራሱ ላይ ነጠብጣብ ደም መታየት ጀመረ። ቀጥሎ ነጠብጣብ መባሉ ቀረ። «ነርሶቹን ስጠይቃቸው ደህና ነው ይሉኛል። አንሶላው ግን አይዋሽም» አለኝ አንድ ቀን፤ ሳይበላ ተኛ።

አንድ ቀን ሊጠይቀው ወጥቶ ሳለ ቁልፍ ሠሪው እጁን ያዘው።

«ያንን ነገር አሰማኝ» አለው። «ደግሞ ይደርሳል እንዳትለኝ። አሁን ነው የደረሰው።»

ወንድሜ ቤት መጥቶ ቆርቆሮ ሣጥኑን አወጣ፤ አልበሙን ከፎጣው ፈታ፤ አገላብጦ አየው፤ መልሶ ጠቀለለው። በማግሥቱ ሌላ አልበም ይዞ ሄደ። «ሰማያዊውን የት እንዳስቀመጥኩት እየፈለግኩ ነው» አለው አሉ። ሣጥኑን ከአልጋው ሥር እያወጣ ሲከት እኔ በዓይኔ አይቼው! ደሜ ፈላ።

«አንተ ሰው፣ አንድ ላስቲክ እኮ ነው!»

«አንዴ ከተቀደደ አይመለስም።»

«ቁልፍ ሠሪውስ? እሱ ይመለሳል?»

ወንድሜ ወደ ግድግዳው ዞሮ መደርደሪያውን ያስተካክል ጀመር፤ የተስተካከለውን መደርደሪያ። እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ወንድሜን ጠላሁት። መቀሴን አንሥቼ፣ «ነገ አንተ ካልቀደድከው እኔ እቀድደዋለሁ፣ አብረን ነው የምንሄደው» አልኩት። ሲፈራ አገጩን ያሻሻል፤ ሲያሻሽ አመሸ።

የመጠየቂያ ሰዓት ከቀትር በኋላ ነው። ሣጥኑን እሱ ያዘ፣ ማጫወቻውን እኔ። ቁልፍ ሠሪውን በሁለት ትራስ ደግፈውታል፤ ከእሱ የቀረው ዓይንና አፍንጫ ብቻ ነበር። ሣጥኑን ሲያይ ግን ፊቱ በራ።

«ሙሽሪት መጣች! እህት ዓለም፣ እንዴት አስወጣሽው በይ?»

«በመቀስ ነው» አልኩት።

ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረና እስኪያልፍለት ጠበቅን። ወንድሜ ጠረጴዛው ላይ ንጹሕ ፎጣ አነጠፈ። ቁልፍ ሠሪው «አምጣው፣ የተዘጋ መክፈት የኔ ሥራ ነው» ብሎ ጥፍሩን ላስቲኩ ላይ አሳረፈ፤ አቅም አጣ። ወንድሜ ተቀበለውና ራሱ ቀደደው። ድምፁ ትንሽ ነበር። እኔ እንኳ ልቤ ደንገጥ አለ።

ክዳኑን ሲያነሣው መጀመሪያ የደረሰን ሽታው ነው፤ የኮመጠጠ፣ የቆየ ሙጫ የሚመስል ሽታ። ስፖንጅ ነበረበት። ክብ ስፖንጅ የነበረ ነገር ቀልጦ፣ ቡናማ ሆኖ፣ ከሲዲው ጋር ተጣብቋል። ወንድሜ የዚያ አሳታሚ ሌሎች ሥራዎች ሁሉ ስፖንጅ እንዳለባቸው ያውቅ ነበር፤ ከራሱ ዕቃዎች ላይ በገዛ እጁ እያወጣ ጥሏል። ይህንን ግን ለማውጣት ላስቲኩን መቅደድ ነበረበት። ምናልባት ይሄኛው የለበትም ይሆናል እያለ ኖረ። መሐረቡን አውጥቶ ቀስ አድርጎ ሲጠርገው፣ ብር መሳዩ ፊት ከመሐረቡ ጋር እየተላጠ መጣ። ወደ መስኮቱ ሲያነሣው ብርሃኑ በሌላው በኩል አለፈ። ያም ሆኖ ማጫወቻው ውስጥ ከተተው፤ የጆሮ ማዳመጫውንም ለቁልፍ ሠሪው አጠለቀለት። ማጫወቻው ዞረ፣ ቀጭ ቀጭ አለ፣ እንደገና ዞረ፣ ቆመ። የማጫወቻው ትንሽ መስኮት ላይ «ዲስክ የለም» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

«ጀመረ እንዴ?» አለ ቁልፍ ሠሪው። ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።

«ተበላሽቷል» አልኩት እኔ፤ ወንድሜ ማጫወቻው ላይ አፍጥጦ ቀርቶ ነበር።

ዓይኑን ገልጦ ሁለታችንንም አየን። ተናደደ ብዬ ፈራሁ፤ እሱ ግን የወንድሜን ክንድ መታ መታ አደረገ። «አይዞህ። አንተ በቃልህ ታውቀው የለ? ንገረኝ። እኔ ዓይኔን እጨፍናለሁ።»

ወንድሜ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሦስተኛው ዘፈን ላይ ከበሮው ድንገት ይቆማል። ባሱ ብቻውን ይቀራል፣ እንደ ሰው ይተነፍሳል።»

«እሱንማ ሁሌ ብለኸኛል። ከመጀመሪያው ጀምርልኝ። እንዴት ብሎ ነው የሚገባው?»

«ቀስ ብሎ ነው።»

«በምን? በውኃ? በነፋስ?»

«በ... በነፋስ።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

ወንድሜ ፎጣውን ያጥፍ ጀመር። ስለ ትራንስ ሲጠየቅ ቃል አጥሮት አይቼው አላውቅም፤ ስለ አንድ የባስ ድምፅ እራት እስኪቀዘቅዝ የሚያወራ ሰው ነው። ያኔ ነገሩ ገባኝ። ቁልፍ ሠሪው ገና አልገባውም ነበር፤ ዓይኑን እንደጨፈነ ፈገግ ብሎ ይጠብቃል።

«ከዚያስ፣ ወዳጄ?»

«አላውቅም» አለ። «ካሴት የሚባል ነገር አልነበረም። መጽሔት ላይ ነው ያነበብኩት።»

አጠገባችን ያለው አልጋ ዘንድ ጠያቂዎች ስለ ቤት ኪራይ ያወሩ ነበር። ቁልፍ ሠሪው ዓይኑን ገለጠ።

«ሃያ ዓመት ሙሉ ቤትህ ተቀምጦ?»

«ብሰማውና እንደሌሎቹ ቢሆንብኝስ ብዬ ፈራሁ» አለ ወንድሜ። እንባው ወርዶ ጢሙ ላይ ቆሞ ነበር። «ያልሰማሁት አንድ እሱ ብቻ ነበር የቀረኝ።»

ይሰድበዋል ብዬ ጠበቅኩ። ቢሰድበው ደስ ባለኝ፤ እኔም አግዘው ነበር። እሱ ግን ጣሪያውን እያየ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው፣ «እኔ እኮ» አለ፣ «ለእኔ ባይደርሰኝም፣ ቢያንስ አንድ ሰው ሰምቶታል እያልኩ ነበር የምጽናናው።»

የጆሮ ማዳመጫውን አወለቀና ለእኔ ሰጠኝ። ወንድሜ እጁን ዘርግቶ ነበር፤ ለእኔ ነው የሰጠኝ። ወደ ግድግዳው ዞረ። ከዚያ ሳምንቱ ሳይሞላ እስኪሞት ድረስ ለወንድሜ የተናገረው ይህችን ብቻ ነው።

«ክደነው፤ አቧራ ይገባበታል።»

ወንድሜም ሌላ የሚያደርገው ነገር ስላልነበረው፣ ክዳኑን በሁለት እጁ ይዞ፣ ጠርዙን ከጠርዙ አግጥሞ ከደነው።