የቄራ ጥንብ አንሳዎችና የወንድሜ ኪሎ

ሰው በጥንብ አንሳ ይደነግጣል? እኔ ደንግጫለሁ። ያውም ክው ብዬ፣ እግሬ መሬት ላይ ተተክሎ እስኪቀር። ያ ድንጋጤ ሳይለቀኝ ደግሞ ሌላው መጣ፤ ከሁለተኛው እስከ ዛሬም በቅጡ አልነቃሁም። ነገሩን ከመጀመሪያው ልናገር።

በእኛ አቆጣጠር በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ነው። ቤቴም መሥሪያ ቤቴም ካዛንቺስ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ሚስቱ ከሞተችበት በኋላ ከእኔ ጋር ይኖራል። ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ ያተረፈው ነገር ቢኖር ሆዱ ነው። የቤታችንን ደረጃ ሦስት ጊዜ ሳያርፍ አይወጣም። «ወንድም ጋሼ፣ ኧረ ትንሽ ተራመድ» ስለው፣ «እግር የተሠራው ፍሬን ለመርገጥ ነው» ይለኛል። ሐኪም ቤት ወስጄ ሳስመረምረው ሌላው ሁሉ ደህና ነው፣ ክብደቱን ካልቀነሰ ግን ልቡ አይችለውም ተባልኩ። እኔ ደግሞ ከእሱ ሌላ ወንድም የለኝም። ስለዚህ ይራመዳል አልኩ። እኔ ካልኩ አልኩ ነው፤ በዚህ በሰፈርም በቢሮም እታማለሁ።

ዝም ብሎ መራመድ ግን አልሆነለትም። «የት ነው የምንሄደው? ጭነቱ ምንድነው?» እያለ ሦስተኛው ቀን ላይ ተቀመጠ። መድረሻና ጭነት የሌለው ጉዞ ለሹፌር ጉዞ አይደለም። በዚሁ ሰሞን ነው ቢሯችን በር ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ያነበብኩት። በከተማው ውስጥ ጠዋት ጠዋት እየተራመዱ ወፍ የሚቆጥሩ በጎ ፈቃደኞች ይፈለጋሉ ይላል። ባዮሎጂ የተማረ አንድ ትሑት ወጣት ነበር የሚያስተባብረው። ሄደን ተመዘገብን። ለሌላው ሰው እንጦጦ ደረሰው፣ ለሌላው የቤተ ክርስቲያን ደን ደረሰው፣ ለእኛ ቄራ ደረሰን። ቄራ ደግሞ ያለው ጥንብ አንሳ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ለእኔ የመረጥሽልኝ ወፍ ይሄ ነው? ገና ሳልሞት?» አለኝ ወንድሜ። ግን ሳቀ፤ ሲስቅ ደግሞ መሄዱ አይቀርም።

ከሰኞ እስከ ዓርብ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ከቤት እንወጣለን። በባምቢስ ወርደን፣ በኦሎምፒያ አልፈን፣ ቄራ እስክንደርስ አንድ ሰዓት ሙሉ ይፈጃል። ጥንብ አንሳ ፀሐይ ሞቅ ሳትል አይነሣም፤ ክንፉን አንጠልጥሎ ባሕር ዛፍ ላይና ጣሪያ ላይ ተኮልኩሎ ይጠብቃል። ያኔ ነው መቁጠር። ወንድሜ ከግራ ይጀምራል፣ እኔ ከቀኝ፣ መሀል ላይ እንገናኝና እንጨቃጨቃለን። ከዚያ እኔ በሜክሲኮ በኩል በታክሲ ወደ ቢሮዬ እከንፋለሁ፤ እሱ ቀስ እያለ በእግሩ ይመለሳል። ዓርብ ዓርብ ባምቢስ አጠገብ አስፋልት ዳር ሚዛን ይዛ የምትቀመጥ ሴትዮ ጋ እንመዝነዋለን። ያንን ኪሎ የምጽፈው የወፎቹን ቁጥር በምጽፍበት ደብተር ላይ ነው፤ በግራ ዓምድ ጥንብ አንሳ፣ በቀኝ ዓምድ ወንድሜ። «ጎረቤት አደረግሽን» ይለኝ ነበር።

በመጀመሪያው ዓመት ዓቢይ ጾም ሲገባ የወፎቹ ቁጥር በግማሽ ወረደ። አስተባባሪው ወጣት ተጨንቆ ደወለ። «ምን ሆነው ነው? በሽታ ይሆን?» ሲል ሣቅኩበት። የከተማው ክርስቲያን ሥጋ ሲተው ቄራ እርድ ይቀንሳል፤ እርድ ሲቀንስ ወፉ ሌላ ቦታ ፍለጋ ይሄዳል፤ ይህን ለማወቅ ባዮሎጂ አያስፈልግም። የፋሲካ ሰሞን ጠብቅ አልኩት። እውነትም ፋሲካ አልፎ በሳምንቱ ዛፎቹ ሞሉ። ልጁ ስብሰባ ላይ አስነሥቶ አስጨበጨበልኝ። በየሳምንቱ በምልክለት ቅጽ የማስታወሻ ቦታ ላይ «ጾም» ብዬ መጻፌን እንደ ትልቅ ግኝት አወራው። ያን ቀን የሆንኩትን አልደብቅም፤ በደስታ አበጥኩ።

በሁለተኛው ዓመት ጾሙ ሲገባ ቁጥሩ እንደገና ወረደ። አሁን ግን በግማሽ አይደለም፤ በሦስተኛው ሳምንት አንዱ ዛፍ ባዶውን ቀረ። እኔ «ጾም» ብዬ ጻፍኩ። በአምስተኛው ሳምንት የቀሩት በሁለት እጅ ጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። አሁንም «ጾም» ብዬ ጻፍኩ። በአጥሩ በር ላይ የሚቆሙ ሙስሊም ዘበኛ ነበሩ፤ በየጠዋቱ ሰላምታ እንለዋወጣለን። አንድ ቀን ጠሩኝና፣ «እህቴ፣ እርድ እኮ ጨርሶ አልቆመም። የእኛ አለ፣ ወደ ውጭ የሚላከውም አለ። የሚበላ ሞልቷል፤ የሚበላው ነው የጠፋው» አሉኝ።

«አባባ፣ ዘንድሮ እነሱም ጠንክረው እየጾሙ ነው» አልኳቸውና ሣቅኩ። እሳቸው አልሣቁም።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኔ ሞኝም ነበርኩ፣ ወረቀትም ይዤ ነበር።

የቀኙ ዓምድ ግን ደስ ይል ነበር። ወንድሜ በየዓርቡ ይቀንሳል። ሱሪው ሰፋ፣ ቀበቶው ላይ በሚስማር አዲስ ቀዳዳ በሳንለት፣ አንገቱ ወጣ። ሰፈሩን ሁሉ አሰለቸሁ፤ «በጾምና በእግሩ ነው! ያንን ሆድ የት እንዳደረሰው እዩት!» እያልኩ። ስጦታ ይገባዋል ብዬ አዲስ የስፖርት ጫማ ገዛሁለት። መንገድ ላይ ውሃ በላይ በላይ ይጠጣል፤ ደግሞ በየአጥሩ ሥር ፈንጠር ብሎ ሽንቱን ይሸናል። «ራዲያተሬ ያፈሳል መሰለኝ፤ ውሃ አልይዝ አለ» ይለኛል። እኔ ደግሞ፣ «ጾም ላይ እስከ ስድስት ሰዓት ውሃስ ባትጠጣ ምን አለበት!» ብዬ እቆጣዋለሁ። ጠርሙሱን ብብቱ ሥር ይወሽቀዋል።

ፋሲካ አለፈ። ለበዓሉ ብለን ሁለት ሳምንት ቄራ አልሄድንም፤ የዓርቡን ሚዛን ግን አላቋረጥንም። ዛፎቹ እንደሚሞሉ እርግጠኛ ስለነበርኩ ሰኞ ጠዋት በኩራት ነበር የሄድኩት። ባሕር ዛፉ ላይ አንድም የለም። ጣሪያው ላይ የለም። የአጥሩ ጫፍ ላይ አንድ ቁራ ብቻ ተቀምጧል። ያኔ ነው ደርቄ የቀረሁት። ቆጠራ የለመደ ዓይን ባዶ ነገር ሲያይ ያስፈራዋል፤ ሰላሳ፣ አርባ ሆነው ሲያፈጡብኝ የኖሩ ፍጥረታት አንድ እንኳን! ወንድሜ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሰማዩን ሲያስስ ቆየና፣ «የት ሄዱ?» አለኝ፤ የማውቅ መስሎት።

ለአስተባባሪው ደወልኩ። ለሁለት ቀን ጠያይቆ ከሰዓት በኋላ ቢሮዬ መጣ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ከከተማው ወጣ ብሎ ሰዎች ለውሻና ለጅብ ብለው መርዝ የነካው ሥጋ ሜዳ ላይ ይጥሉ ነበር አለኝ። ጥንብ አንሳ ደግሞ የወደቀውን አይቶ የሚያልፍ ፍጥረት አይደለም። ገበሬዎች የሞቱትን በየእርሻቸው አግኝተዋል።

«ከመቼ ጀምሮ?» አልኩት።

«ጾሙ ከመያዙ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው የሚሉት። ዳታው ላይ ሲወርድ እኮ አይቼዋለሁ። ማለቴ፣ ኮሜንቱ ላይ ጾም ብለው ሲጽፉ… በቃ፣ አመንኩዎት።»

ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ያንን የመሰለ ጨዋ ልጅ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ራሱን ይወቅሳል። ከሄደ በኋላ በሬን ዘግቼ ደብተሩን አወጣሁ። የት ላይ መጠርጠር እንደነበረብኝ ለማየት ነው ያወጣሁት። በግራ ዓምድ ቁጥሩ ቁልቁል ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ ባዶ ይሆናል። ዓይኔ ሳላስበው ወደ ቀኝ ሄደ። እዚያም ይወርዳል። ጾሙ አለቀ፤ ዶሮው ተበላ፣ ክትፎው ተበላ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቅቤ እንደ ውሃ ተጠጣ። እሱ አሁንም ይወርዳል። ካለፈው ዓርብ ኪሎ ጎን «ጎበዝ!» ብዬ ጽፌያለሁ።

ቦርሳዬን እንኳን ሳልይዝ ነው ከቢሮ የወጣሁት። ቤት ስደርስ ወንድሜ ሶፋ ላይ በጎኑ ተኝቷል። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት ብል ይቀለኛል። ጉንጩ ገብቷል፣ የአንገቱ ቆዳ ተልፈስፍሷል፣ ዓይኑ ጎድጉዷል። ይህ የቀነሰ ሰው አልነበረም፤ የከሳ ሰው ነበር። «ተነሥ» አልኩት። «ነገ እንሄዳለን፣ ዛሬ ደክሞኛል» አለ። «አሁን ነው የምልህ!» ብዬ ጮኽኩበት፤ ድምፄን ሰምቶ ተነሣ።

እዚያው ሰፈር ወደሚገኝ አንድ ክሊኒክ ገባን። ወጣት ሐኪም ነች። ጣቱን ወግታ ደሙን በትንሿ መሣሪያ ለካችና መሣሪያዋ የተሳሳተች ይመስል ደግማ ለካች። ስኳሩ ልክ አጥቶ ወጥቷል። ከዚያ ጫማዎን ያውልቁ አለችው። ካልሲውን ስትገፈው የቀኝ እግሩ አውራ ጣት ጥቁር ሆኗል፤ ጫማው ፍቆት ቆስሎ፣ ቁስሉ ሰንብቶ። አዲሱ ጫማ፣ እኔ የገዛሁት። «አያምዎትም?» አለችው። «ኧረ ምንም አልተሰማኝም» አለ፤ እሱም የሌላ ሰው እግር ያየ ይመስል ጎንበስ ብሎ ያያል።

«በቅርብ ጊዜ ምግብ ቀንሰው ነበር?» ብላ ስትጠይቀው ቀድሜ ገባሁ። አመሌ ነው። «ሁለት ወር ሙሉ ጾሞ ነው ዶክተር፤ መቅጠኑ የጾሙ መስሎን ነው እንጂ…»

«አልጾምኩም» አለ ወንድሜ።

ዘወር ብዬ አየሁት። እሱ ግን ዓይኑን ከወለሉ አላነሣም።

«አንድም ቀን አልጾምኩም። አንቺ ታክሲ ስትይዢ እኔ ኦሎምፒያ ተመልሼ ጥብስ እበላ ነበር። አንዳንድ ቀን ሁለቴ። ይርበኛል እኮ! በልቼ ከወንበሩ ሳልነሣ ይርበኛል።»

«እየበላህ ነው የምትከሳው?» አልኩ። «ታዲያ ለምን አትነግረኝም?»

«እንዴት ብዬ ልንገርሽ? ሰፈሩን ሁሉ ወንድሜ በጾም ቀጠነ እያልሽ። መጀመሪያ አፈርኩ። ኋላ ደግሞ እየበላሁ መክሳቴ አስፈራኝ። አንድ ክፉ ነገር ይዞኛል ብዬ ሌሊት እንቅልፍ አጣለሁ። ጠዋት አንቺ ጾም ነው ስትዪ ደግሞ ደስ ይለኛል። እውነት ቢሆንስ እላለሁ።»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እኔ ጎንበስ ብዬ አዲሱን ጫማ ከእግሩ ሥር አነሣሁ። በሳምንቱ ጣቱ ተቆረጠ፣ መርፌውን ጀመረ፣ ወንድሜ ተረፈልኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔን ዛሬም የሚያስደነግጠኝ ግን ጥቁሩ ጣት አይደለም። ሁለት ወር ሙሉ በየጠዋቱ ክንዱን ይዤ ስሄድ፣ ስቀልድበት፣ ሳሞግሰው፣ ወንድሜ አጠገቤ ሆኖ ብቻውን ሲፈራ ነበር።