በጋሽ ማቴዎስ ስም የፈረምኩት ፊርማ

ይህ የሆነው አምና በክረምት መግቢያ ላይ ነው። ዓመት አልፎታል፤ ግን የማላውቀው ቁጥር በደወለልኝ ቁጥር ዛሬም ልቤ ድንግጥ ይላል።

የምሠራው ሐዋሳ፣ በአንድ የልብስ ፋብሪካ የሰው ሀብት ክፍል ውስጥ ነው። ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ማቴዎስ ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ዘጠኝ ዓመት አለቃዬ ነበሩ። የሙያ ማኅበራችን በዘርፉ ረጅም ጊዜ ያገለገሉ ሰዎችን ለክብር ሽልማት ጠቁሙ ሲል ከእሳቸው ሌላ ማን ሊታየኝ? ቁጭ ብዬ ሦስት ገጽ ሙሉ አወደስኳቸው።

ቅጹ መጨረሻ ላይ ግን ተጠቋሚው «የተጻፈው እውነት ነው፤ ለመወዳደርም ፈቃደኛ ነኝ» ብሎ የሚፈርምበት ቦታ አለ። ብነግራቸው እምቢ እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ይሉኝታቸው ለጉድ ነው። ስለዚህ የለመድኩትን አደረግኩ። አለቃ በሌለበት ከስሙ ፊት «ስለ» ብሎ መፈረም የመሥሪያ ቤት ወግ ነው፤ በእሳቸው ስም ስንት የዓመት ፈቃድ እንደዚያ ፈርሜያለሁ። ይህንንም «ስለ» ብዬ ፈርሜ ላክሁት። ሲመረጡ ደስ ይላቸዋል ብዬ እኮ ነው።

ሐሙስ ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ከአዲስ አበባ ተደወለ። የሽልማት ኮሚቴው ጸሐፊ ናት።

«እህቴ፣ የሰው ሀብት ባለሙያ ሆነሽ በሰው ፈቃድ ላይ ‹ስለ› ብለሽ ትፈርሚያለሽ?» አለችኝ። «እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ራሳቸው ፈርመው ካልደረሰን ይሰረዛሉ። ለመሥሪያ ቤትሽም እንጽፋለን።»

ለመሥሪያ ቤቴ ተጻፈ ማለት በሐሰተኛ ሰነድ ተጠየቅኩ ማለት ነው። እኛ ዘንድ በዚህ ጥፋት ሰው ሲባረር ደብዳቤውን የማዘጋጀው እኔው ነኝ።

የጋሽ ማቴዎስ ስልክ ዝግ ነው። ቅጹን በድጋሚ አትሜ፣ አሞኛል ብዬ አስፈቅጄ፣ ባጃጅ ኮንትራት ይዤ ወደሚኖሩበት ወደ ቱላ ወጣሁ። መንገዱ በዝናብ ጨቅይቷል። ሹፌሩን «ወንድሜ፣ ፍጠን እንጂ» ስለው «እህቴ፣ ገልብጬሽ ልሂድ?» አለኝ።

ስደርስ ዘጠኝ ተኩል አልፏል። ጋሽ ማቴዎስ የጓሮ አጥር እያጠበቁ ነበር። አንድም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን እጃቸውን ታጥበው መጡና «አንብቢልኝ» አሉ።

«ጋሼ፣ ሰዓት የለንም። እዚህች ጋ ብቻ ይፈርሙልኝ።»

«አንብቢ።»

እየተጣደፍኩ አነበብኩ። «በሥራ ዘመናቸው አንድም ሠራተኛ በድለው አያውቁም» የሚለው ላይ ስደርስ አስቆሙኝ።

«ይሄን ማን ነገረሽ?»

ከዚያ ራሳቸው ነገሩኝ። እኔ ሳልቀጠር በፊት ዘነበች የምትባል የስፌት ሠራተኛ አምስት ቀን በተከታታይ ቀረች። ሕጉ ማሰናበት ይፈቅዳል። እሳቸውም አስጠርተው ሳያነጋግሯት ፈረሙ። ለካ ልጅቷ ጽንስ ወርዶባት ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ሰምተው ሊመልሷት ሲያፈላልጉ ከተማውን ለቃ ሄዳለች። እስከ ዛሬ አላገኟትም።

«ያንን ሰርዢና የዘነበችን ጻፊ። ከዚያ እፈርማለሁ» አሉኝ።

ንድድ አለኝ። እንጀራዬ በአንድ ፊርማ ላይ ተንጠልጥሎ እሳቸው የድሮ ታሪክ ያወጋሉ። «ጋሼ፣ እንዲህ ተብሎ ተጽፎ ማን ይሸልምዎታል? ደግሞስ ማን ያውቃል?» አልኳቸው።

«እኔ አውቃለሁ። ‹እውነት ነው› ብዬ የምፈርመው እኔ አይደለሁም እንዴ?»

ያንን ሰርዤ የዘነበችን ጻፍኩ። ወረቀቱን ተቀብለው አነበቡ። እኔ «በስሕተት አሰናብተዋታል» ያልኩትን ሰርዘው «ሳልጠይቃት አሰናበትኳት» ብለው በእጃቸው ጻፉ፤ ከዚያ ፈረሙ።

በስልኬ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ብልከው ኔትወርክ የለም። እንደገና ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። ኔትወርክ ፍለጋ እጄን ወደ ውጭ ዘርግቼ፣ ዓይኔን ከስልኩ ሳልነቅል አስፋልቱ ጋ ደረስን። ለአሥራ አንድ ስምንት ደቂቃ ሲቀረው ፎቶው ሄደ። ጸሐፊዋ «ደርሷል» ብላ ጻፈችልኝ። እዚያው ባጃጁ ውስጥ አለቀስኩ።

ለመሥሪያ ቤቴ የተጻፈ ነገር የለም። ጋሽ ማቴዎስ ግን አልተመረጡም። የውጤቱ ደብዳቤ ሲመጣ ደውዬ እየተበሳጨሁ ነገርኳቸው።

«የዘነበችን ነገር አነበቡት?» ብለው ጠየቁኝ።

«አዎ ጋሼ፣ ደብዳቤው ላይ ጠቅሰውታል።»

«እንግዲያው ደህና ነው» አሉ። ድምፃቸው እንዲያ ቀሎ ሰምቼ አላውቅም።

ሽልማቱ አሁን አይቆጨኝም። የሚቆጨኝ ዘጠኝ ዓመት አጠገባቸው ተቀምጬ፣ ሁሌ አምስት ቀን የቀረ ሠራተኛ ፋይል ሲቀርብላቸው ለምን ፊታቸው እንደሚለዋወጥ አንድ ቀን እንኳ አለመጠየቄ ነው።