የሃዊ ኬክ ጽጌረዳ

እትዬ አልማዝ ነበሩ፣ ልጃቸው ሃዊ ነበረች፣ ጎረቤታችን ቶላ ነበረ፣ እኔም ነበርኩ። ዛሬ ደክሞኝ አዳማ አንድ ኬክ ቤት ደጃፍ ስቆም የቫኒላው ሽታ ወደ ሃዊ ሠርግ ዋዜማ መለሰኝ።

እትዬ አልማዝ ወጥ ቤት ውስጥ ለሠርጉ ኬክ የክሬም ጽጌረዳ በድስት ክዳን ላይ እለማመድ ነበር። እትዬ አልማዝ እያዩ ያልተሳካውን በቢላ ይጠርጉት ነበር።

«ይሄማ ጥቅል ጎመን ነው» አለ ቶላ።

«ተው አንተ» አሉት። ወደ እኔ ዞረው፣ «ክሬሙን የሚያቀልጠው የእጅህ ሙቀት ነው። መጀመሪያ እጅህን አቀዝቅዝ።»

እጄን በረዶ ውሃ ውስጥ ነክሬ ደግሜ ሠራሁ። ይሄን አልጠረጉትም፤ «ኬኩ ላይ አድርገው» አሉኝ። አድርጌ ወደ ቤት ሄድኩ።

በማግስቱ ሠርጉ ላይ ያየሁት ጽጌረዳ ከእኔ ሥራ ይልቅ የጠራ መሰለኝ። እትዬ አልማዝ አስተካክለውት እንደሆነ መጠየቅ ፈራሁ፤ አሁን እሳቸው በሕይወት የሉም። ሃዊ፣ ቶላ፣ ከሄድኩ በኋላ ያያችሁትን እዚህ ታሪክ ላይ ጨምሩበት።